ያልተፈተሸው በረትና የዳማ ሽሮፕ

ወይዘሮ አይናዲስ መኮንን ፊደል አልቆጠሩም። ይህንንም የጠየቃቸው ቢኖር ሳያፍሩ ይነግሩታል፤ ያልጠየቃቸውም ቢሆን መስማቱ አይቀርለትም። «እኔ ያልተማርኩት ወረቀት ነው እንጂ ሰውና ከብት አይደለም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አባታቸው በተጉለት የከብት ገበያ ዋቢ ነበሩ፤ አንድ በሬ ሲሸጥ ቀንዱን፣ ጆሮውንና ሻኛውን አይተው «ይህ የእገሌ በሬ ነው፤ አልተሰረቀም» ብለው ካልመሰከሩ በቀር ገዢ እጁን አይዘረጋም። ወይዘሮ አይናዲስም ያንን ዓይን ወርሰው ውቅያኖስ ተሻግረዋል። ሰባት ዓመት ቴክሳስ ሲቀመጡ ከእንግሊዝኛ የለመዱት «ኖ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ እሷም በቅታቸዋለች።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆች በዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ጳጉሜ ውስጥ፣ የግራንድ ፕሬሪ አስፋልት ከጫማ ሥር በሚላቀቅበት አንድ ከሰዓት ነው። ወይዘሮ አይናዲስ የልጃቸውን ውሻ ይዘው ከአፓርታማው ጥላ ሥር ቆመዋል። ውሻው አርጅቷል፤ ትንሽ ነው፤ ቀይ ዳማ ሆኖ የግራ ጆሮው ጫፍ የተበጣ ነው። በድንገት ጭራውን ሸጉጦ ቀሚሳቸው ውስጥ ተወሸቀ። ቀና ቢሉ ቦርሳ ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ ከጎረቤት በር ወጥቶ ወደ እሳቸው ይመጣል።

«ሮኪ!» አለ ሰውየው፤ ከዚያ ነጠላቸውን አየና አንገቱን ሰበር አደረገ። «ጤና ይስጥልኝ እማማ። ሐበሻ ነዎት እንዴ?»

«የለም፣ ቻይና ነኝ» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ። «ውሻዬን ያስፈራኸው አንተ ማን ነህ?»

ሰውየው ሳቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይገዙ እባላለሁ፤ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ክሊኒኬ እዚሁ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። የጎረቤትዎን ድመት አይቼ መውጣቴ ነው። ይሄ የጉግሳ ሀይሌ ውሻ አይደለም? መርፌዬን አልረሳልኝም።»

«የልጄ ውሻ ነው። ስሙ ግን ዳማ ነው። መልኩን አታይም?»

«ዳማ ይሁን። ሳሉ ታዲያ እንዴት ሆነ? ቀዩ ሽሮፕ ተስማማው? ባለፈው ሳምንት ጉግሳ ደውሎ አለቀ ቢለኝ ለሦስተኛ ጊዜ ሞልቼ ሰጠሁት።»

ዳማ መልሱን ራሱ ሰጠ፤ አንገቱን ዘርግቶ እንደ ዝይ የሚጮህ ሳል ሳለ።

ወይዘሮ አይናዲስ ሐኪሙን አተኩረው አዩት። «ስማ ልጄ። ይህን ውሻ የማበላው እኔ ነኝ፤ የማጠጣው እኔ፤ የማጥበው እኔ። ልጄ ገዝቶ ካመጣው ከፋሲካ ወዲህ በዚህ አፍ ሽሮፕ አልገባም። የማንን ሳል ነው የምታክመው?»

ዶክተር ይገዙ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምናልባት ጉግሳ ራሱ ከሥራ ሲመለስ ይሰጠው ይሆናል» አለ።

«ጉግሳ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ የሚደፋ ሰው ነው» አሉና ገመዱን ስበው ሄዱ። የደረጃውን ግማሽ ሳይወጡ ልባቸው ነገሩን አውቆት ነበር።

ጉግሳ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። በአንድ ትልቅ ዌርሃውስ ፎርክሊፍት ይነዳል። ካቻምና ክረምት ከእቃ ክምር ላይ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ ሊባል ትንሽ ቀረው። ሐኪም ኪኒን ሰጠው፤ ከስድስት ወር በኋላ «በቃህ» አለው። ከዚያ ወዲህ ጉግሳ ቤት ውስጥ አለ፣ ግን የለም። ሲያወሩት ዓይኑ ይከደናል፤ ሲስቁለት ዘግይቶ ይስቃል። ባለፈው ወር መደርደሪያ ገጭቶ አንድ ባልደረባው በሳጥን ናዳ ከመቀበር የተረፈው ለጥቂት ነው። ሚስቱ ህይወት በአረጋውያን መጦሪያ ሁለት ፈረቃ ስለምትሠራ «ደክሞት ነው» ትላለች። እናቱም «ደክሞት ነው» ይሉ ነበር። እናት ዓይኗ ስለታም ቢሆንም በልጇ ላይ ስትደርስ መደነዙ የታወቀ ነው፤ በዚህ ወይዘሮ አይናዲስም ከሌላው እናት አይሻሉም።

ያን ዕለት ግን ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። ከልብሱ ሥር የመሣሪያ ሳጥን፣ ከመዶሻና ከመፍቻው ሥር ሰባት ጠርሙስ። አራቱ ባዶ፣ ሦስቱ ሙሉ። የተለጠፈባቸውን ጽሑፍ ማንበብ አልቻሉም፤ ምልክቱን ግን አነበቡ። በአንዳንዱ ሰማያዊ የውሻ ራስ፣ በአንዳንዱ ቀይ የእግር ኮቴ፣ በአንዳንዱ የተቀመጠች ድመት ተስሏል። በሬ በጭኑ ላይ በተተኮሰበት ምልክት የማን እንደሆነ ሲለዩ ያደጉ ሴት ናቸው። «ሦስት ምልክት» አሉ ለራሳቸው፤ «ከሦስት በረት የተነዳ ነው።» ሰባቱንም በፌስታል ቋጠሩት።

በማግስቱ ህይወት ከሁለተኛው ፈረቃዋ በፊት ወደ ክሊኒኩ ወሰደቻቸው። ለምን እንደሆነ አልነገሯትም፤ ዳማን አቅፈው ብቻ ከኋላ ተቀመጡ። ዶክተር ይገዙ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባቸው። ወይዘሮ አይናዲስ ፌስታሉን ከውሻ መመርመሪያው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት።

«አንብብ።»

«ይህ የእኔ ነው» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «ጉግሳ ሀይሌ፤ የውሻው ስም ሮኪ። ይሄኛው ከሌዊስቪል ነው። የውሻው ስም ማክስ፤ ባለቤት ህይወት ተስፋዬ።»

«ዋት?» አለች ህይወት። «እኔ? ማለቴ፣ እኔ እኮ ሌዊስቪል ረግጬ አላውቅም!»

ሐኪሙ ሦስተኛውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«እሱስ?» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ።

«እማማ፣ ይሄኛው ይቆይ…»

«አንብብ አልኩህ! አታንገራግርብኝ።»

«ከፕሌኖ ነው። ባለቤት አይናዲስ መኮንን። የውሻው ስም ልዕልት።»

ወይዘሮ አይናዲስ ጠርሙሱን ተቀብለው ወረቀቱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ስማቸው የቱ ጋ እንደተጻፈ አያውቁም፤ ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

«እኔን ሌባ፣ ውሻውን ሴት አደረገው» አሉ በመጨረሻ። «በስሜ ሰው ምሎበታል እንጂ ሰርቆበት አያውቅም።»

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ፈረንጅ ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ የመጨረሻ ስም ያስራል፤ ባልም፣ ሚስትም፣ ልጅም አንድ ናቸው። የእኛ ሰው ግን እያንዳንዱ የአባቱን ስም ይዞ ነው የሚዞረው። ጉግሳ ሀይሌ፣ ህይወት ተስፋዬ፣ አይናዲስ መኮንን፤ ከአንድ ማጀት የሚበሉ ሦስት ሰዎች በወረቀት ላይ ሦስት ባዕዶች ናቸው። የክብር ስማችን ለጉግሳ መደበቂያ ቁጥቋጦ ሆነለት። ፈረንጅ እንዲህ ያለ ማታለያ ቢያምረውም አይችልም።

«ቆይ» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ፤ ወንበር ሳቡ። «እነዚህ ሁለት ሐኪሞችና አንተ አትተዋወቁም? ‹ለዚህ ባለ ቡጣ ጆሮ ውሻ ይህን ያህል ሰጥቻለሁ፣ አንተስ?› አትባባሉም?»

«አንባባልም። እያንዳንዳችን የሰጠነውን በየግል ደብተራችን እንጽፋለን። የአንዱን ደብተር ሌላው አያየውም።»

«ሽሮፑ ሰው ሲጠጣው ምን ያደርገዋል?»

ሐኪሙ ተነፈሰ። «ከኦፒየም ወገን ነው። በትንሹ ለሳል ደህና መድኃኒት ነው። ሰው ሲያበዛው ሕመም ያስረሳል፤ ሲለምደው ጌታው ይሆናል። እኔ ግን እማማ፣ ጉግሳን አልጠረጠርኩም። የወገኔ ልጅ ነው ብዬ በስልክ ብቻ ሞላሁለት።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሀገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው?»

ዶክተር ይገዙ ወደ ጠረጴዛው ዞር ብሎ አንድ የስብሰባ ጥሪ ደብዳቤ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። መልካም ሰው ስለሆነ መዋሸት አልቻለም። «የለም። ለሰው ሐኪሞች፣ በጣም ለከባዶቹ ማስታገሻዎች ባለ ሦስት ቅጂ ማዘዣ አለ፤ አንዱ ቅጂ ወደ መንግሥት መዝገብ ይሄዳል። አሁን ደግሞ እንደዚህ ያለው ሽሮፕም ይግባበት፣ እኛ የእንስሳት ሐኪሞችም ከመደርደሪያችን የምንሰጠውን እናሳውቅ የሚል ሐሳብ ተነስቷል። የአካባቢው የእንስሳት ሐኪሞች ሐሙስ አርሊንግተን ተሰብስበን አስተያየታችንን እንልካለን።»

«መልካም። አንተ ምን ትላለህ?»

«ተቃውሜ እንድናገር የተመረጥኩት እኔ ነኝ።»

ህይወት «ኦ ማይ ጋድ» አለች። ወይዘሮ አይናዲስ ግን አልጮኹም። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ የሚያውቃቸው ሰው የሚፈራው ያኔ ነው። «እስቲ ለእነሱ የምትነግረውን ለእኔ ንገረኝ» አሉ።

«እሺ እማማ። አንደኛ፣ በሽተኞቼ ውሾችና ድመቶች ናቸው። ውሻ መታወቂያ የለው፤ ዕፅ አይነግድ። መዝገቡ የተሠራው ለሰው ነው።»

«ውሻው ነው በስልክ የደወለልህ?»

«አይደለም፤ ግን—»

«ጠርሙሱን የተቀበለህ እጅ ጣት ነበረው ወይስ ጥፍር? መድኃኒቱ ለውሻ ይታዘዝ እንጂ ከደጅህ የሚወጣው በሰው ኪስ ነው። የምትጽፈው ኪሱን ነው።»

ሐኪሙ ፈገግታውን መግታት አልቻለም። «ሁለተኛ፣ ክሊኒኬ ትንሽ ነው። ከእኔ ሌላ አንዲት ረዳት ብቻ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ቅጽ ስሞላ እንስሳቱን መቼ ላክም? የፈሩ ሐኪሞችም መድኃኒቱን ጨርሰው ይተዉታል፤ ያኔ የሚሰቃየው እንደ ዳማ ያለው ነው።»

«ይኼ ደህና ነገር ነው» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ፤ እውነት ሲሰሙ አይክዱም። «ቅጹ አጭር ይሁን በላቸው። ግን ዳማ አሁንስ መች ዳነ? ሦስት ሐኪም ሰባት ጠርሙስ አዘዘለት፤ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ያለ መዝገብ የተሰቃየውን ማን ይቁጠርለት?»

ዶክተር ይገዙ እጁን ፊቱ ላይ አሳረፈ። እስካሁን ያለው ሁሉ የአፉ ነበር፤ የልቡ ገና መምጣቱ ነው።

«ሦስተኛውን ለፈረንጆቹ ባላብራራውም እርስዎ ይገባዎታል። እኔ የስም ዝርዝር አልወድም። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ደብረ ዘይት፣ ታላቅ ወንድሜን የወሰዱት የቀበሌ ዝርዝር ይዘው መጥተው ነው። ስሙ ሦስተኛው መሥመር ላይ ነበር። በራችን ላይ ቆመው ሲያነቡት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ማንም መንግሥት ‹የሰው ስም ላክልኝ› ሲለኝ እጄ አይታዘዝልኝም። ዛሬ ለሽሮፕ ይላሉ፤ ነገ ለምን እንደሚፈልጉት ማን ያውቃል?»

ወይዘሮ አይናዲስ ዳማን ከወለሉ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ሀይሌን፣ የጉግሳን አባት፣ ያወጡት በዝርዝር ነው» አሉ። «ደብረ ብርሃን፣ ቁርሱን ሳይጨርስ። ስለዚህ ስለ ዝርዝር አንተ አታስተምረኝም። እኔ ግን ሃያ ዓመት አስቤበታለሁ። ያ ዝርዝር በጓዳ የተጻፈ ነው። የተጻፈበት ሰው አላየውም፤ ‹ይህ ውሸት ነው፣ ፋቁልኝ› ቢል የሚሰማው አልነበረም። ክፋቱ መጻፉ አይደለም፤ በጨለማ መጻፉ ነው። አንተ አህያውን ፈርተህ ዳውላውን ነው የምትደበድበው።»

«ልዩነቱን ማን ይጠብቅልናል?»

«አንተ! ለዚህ አይደል የተማርከው? እኔ ብማር ኖሮ አንተን አልጠብቅም ነበር። አውጫጭኝ ታውቃለህ?»

«ሲወራ ሰምቻለሁ። ከብት ሲሰረቅ ሕዝቡ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ የሚያውቀውን የሚያወጣበት። ንጹሑም ከወንጀለኛው ጋር ፀሐይ ሲመታው የሚውልበት።»

«ጥሩ፤ ክፋቱንም ታውቃለህ። እንግዲህ ስማኝ። በእኛ ሀገር የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጥማድ በሬ ጠፋ። አውጫጭኝ ተቀመጥን። ቄሱ ተጠየቁ፤ ሽማግሌው ተጠየቁ፤ አባቴ፣ የገበያው ዋቢ፣ ራሳቸው ምለው ተጠየቁ። የጭቃ ሹሙ ቤት ግን አይጠየቅ ተባለ። ለምን? የጨዋ ቤት ነው፤ በሬ አይሰርቅም። እውነትም አይሰርቅም ነበር። ሦስት ቀን ተቀመጥን። በሬዎቹ የት የተገኙ ይመስልሃል?»

ሐኪሙ ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

«በጭቃ ሹሙ በረት! ሰውየው ምንም አያውቁም። የገዛ አራሻቸው ነው አምጥቶ የቀላቀላቸው። ሌባ ሞኝ አይደለም ልጄ፤ የማይፈተሸውን በረት ያውቃል። ቄሱንና ሽማግሌውን ጠይቃችሁ አንዱን በረት ከዘለላችሁ፣ ለሌባው መንገድ ነው የጠቆማችሁለት። የሰው ሐኪም ልጄን ‹በቃህ› ሲለው፣ መዝገብ የሌለበት በረት ወዴት እንደሆነ ጠፋው? ውሻ ገዛ! አንተ ጨዋ ነህ፤ በሬውን ያሰረው ጨዋነትህ ላይ ነው።»

በዚህ መካከል ስልኩ ጮኸ። ረዳቷ ከውጭ ብቅ ብላ «ጉግሳ ሀይሌ ነው፤ ስለ ሮኪ» አለች። ዶክተር ይገዙ ወይዘሮ አይናዲስን አየ። እሳቸው በአገጫቸው ወደ ስልኩ ጠቆሙት። ሐኪሙ ድምፁ ለሁሉም የሚሰማበትን ቁልፍ ተጫነ።

«ሄሎ ዶክተር፣ ሶሪ ሁልጊዜ ሳስቸግርህ» አለ የጉግሳ ድምፅ፤ ከኋላው የማሽን ጩኸት ይሰማል። «ሮኪ ሳሉ ብሶበታል። ማለቴ፣ ትናንት ጠርሙሱ ወድቆ ተሰበረብኝ። ሶ፣ ሪፊል ብታደርግልኝ፣ በእረፍቴ መጥቼ ልውሰድ።»

«የቱ ጠርሙስ ነው የተሰበረው?» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ። «የአንተው ነው፣ የሚስትህ ነው፣ ወይስ የእኔ?»

ማሽኑ ብቻ ተሰማ።

«እማዬ?»

«ውሻው ጭኔ ላይ ነው። ሰባቱም ጠርሙስ ፊቴ ነው።»

«እማዬ… ወገቤ እኮ ነው። አንቺ አታውቂውም፤ ሕመሙን…»

«ወገብህን አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የሠራሁት። ወገብ ሐኪም አለው። አሁን የተቀመጥክበትን ማሽን አጥፋ። ቁልፉን ለአለቃህ ስጥ፤ ‹ታምሜአለሁ› በለው፤ ውሸት አይደለም። ሚስትህ መጥታ ትወስድሃለች። ሰው ገድለህ ከምትመጣልኝ ታመህ ና።»

የማሽኑ ጩኸት ቀጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ተሰማ። «አጠፋሁት» አለ ጉግሳ።

ህይወት የመኪና ቁልፏን ይዛ ሮጠች።

ዶክተር ይገዙ ስልኩን ዘጋ። «እማማ» አለ፤ «ትናንት መንገድ ላይ ባላገኝዎት፣ አሁን አራተኛውን እሞላለት ነበር። ‹ሰላም በልልኝ ለእናትህ› እያልኩ።»

«ትሞላለት ነበር እንጂ» አሉ። «መንገድ ላይ መገናኘት ሕግ አይሆንም። እኔ ዕድሜ ልኬን ደጅ ቆሜ የሐኪም መንገድ ልጠብቅ?»

«እሺ፤ ተረታሁ። ሐሙስ ምን ልበላቸው?»

ወይዘሮ አይናዲስ ልብሳቸውን አስተካከሉ። ምክር ሊጠየቁ የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር። «እኛም እንጻፍ በላቸው። ግን በብርሃን። መዝገቡን የሚያየው የሚያክመው ሐኪምና መድኃኒት ሻጩ ይሁን፤ ፖሊስ ቢፈልግ ዳኛ ያስፈቅድ። ስሙ የተጻፈ ሰው ‹አሳዩኝ› ካለ ይታይለት፤ ከተሳሳተ ይታረምለት። የወንድምህንም ዝርዝር ንገራቸው፤ አትደብቀው። የሚፈራ ሰው የሠራው መዝገብ የማይፈራ ከሠራው ይሻላል። ደግሞ የውሻውን ስም ብቻ አትጻፉ፤ መልኩንና ጆሮውን ጻፉ። ስም ይዋሻል፤ የተበጣ ጆሮ አይዋሽም።»

ሐኪሙ ወረቀት ስቦ የሚሉትን ይጽፍ ጀመር። የተማረው ሲጽፍ፣ ያልተማሩት ሲያጽፉ፤ ወይዘሮ አይናዲስ ይህን አላለፉትም። «‹ጆሮ› የሚለውን አስምርበት» አሉ።

ጉግሳን ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ወሰዱት፤ ገብቶም መታከም ጀመረ። ማላቡ፣ መንቀጥቀጡና ስድቡ አሥር ቀን ፈጀ፤ ይህን ማሳመር አያስፈልግም። ቀና ማለት ሲጀምር ግን እናቱ ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። «ተነስ፤ ስሜን ከፕሌኖ እናምጣ።»

ፕሌኖ ያለችው ሐኪም ወጣት ፈረንጅ ናት። ወይዘሮ አይናዲስ ባዶዎቹን ጠርሙሶች ፊቷ ደርድረው ተናገሩ፤ አስተርጓሚያቸው ጉግሳ ነው።

«አይናዲስ መኮንን እኔ ነኝ በላት። ከዚህ ቤት ምንም ወስጄ አላውቅም በላት።»

ጉግሳ ተረጎመ።

«የወሰደው ይህ ፊትሽ የቆመው ልጄ ነው በላት።»

«እማዬ…»

«ተርጉም!»

ጉግሳ ጆሮው ቀልቶ ተረጎመ። ሐኪሟ ሰማችና፣ ፖሊስ ልትጠራ እንደምትችል ተናገረች።

«ትችላለች በላት። ራሱ በእግሩ መጥቷልና እሷ ትፍረድ።»

ሐኪሟ ስልኩን አየች፤ ጉግሳን አየች፤ ከዚያ ማህደሩን አውጥታ በስማቸው ላይ ሠረዝ አደረገች። «የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም» አለች። ጉግሳ ይህንን አቀርቅሮ ተረጎመ። ወይዘሮ አይናዲስ ሲወጡ አንገታቸውን እንደ ንግሥት አቅንተው ነው፤ ሌዊስቪልም የህይወትን ስም እንዲሁ አሰረዙ።

ከዚያ በፊት ሐሙስ ዕለት አርሊንግተን አርባ ያህል ሐኪሞች ተሰብስበው ነበር። ወይዘሮ አይናዲስም ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ማን እንደጋበዛቸው የጠየቀ የለም። አንድ የከብት ሐኪም ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ «ነገ ለላሜም መንጃ ፈቃድ አውጣ ልትሉኝ ነው» ሲል አዳራሹ ሳቀ። ዶክተር ይገዙ ተነሳ። ሊቃወም የተመረጠው ሰው ስለ ወንድሙ ዝርዝር ነገራቸው፤ ሳቁ ሞተ። ቀጥሎም ስለ ጭቃ ሹሙ በረት ነገራቸው። «ይህን ያስተማሩኝ ከኋላ የተቀመጡት እናት ናቸው» ሲል ሁሉም ዞሩ። ወይዘሮ አይናዲስ አልተሽኮረመሙም፤ ሊታይ የሚገባው ሰው እንደሚታይ ሆነው ታዩ። ባለ ባርኔጣው ቆይቶ «በእኛም ሀገር የላም ሌባ የዳኛ በረት ይወዳል» አለና እጁን ከደጋፊዎቹ ጋር አወጣ። ውሳኔው በጠባብ ልዩነት አለፈ፤ ከነቅድመ ሁኔታው ይጻፍ ተባለ።

የመንግሥት ነገር ቀርፋፋ ነው፤ ወረቀቱ የት እንደደረሰ ማን ያውቃል። ሦስቱ ክሊኒኮች ግን መንግሥትን አልጠበቁም። ለእንዲህ ያለው መድኃኒት ባለቤቱን አስፈቅደው ይጠያየቃሉ፤ የእንስሳውን መልክና ምልክት ይጽፋሉ፤ በስልክ ብቻ መሙላት ቀረ። የገና በዓል ሳይገባ በዚሁ መንገድ የአንዲት እናትና የአንድ መምህር የሽሮፕ ሱስ ተደርሶበት ሁለቱም ሕክምና አገኙ። እውነተኛ ሕመምተኛ እንስሳትም መድኃኒታቸውን በወቅቱ ያገኛሉ፤ ሐኪሙ ሳይጠራጠር ይሰጣልና። ጅብ ከሄደ ውሻ ከመጮህ፣ ጅቡ ሳለ መጮህ ይሻላል። ጉግሳ ዛሬ ዌርሃውሱ ውስጥ እቃ ይቆጥራል፤ ወገቡን በየሳምንቱ ይታሻል፤ ሲስቁለትም በሰዓቱ ይስቃል።

ኅዳር ላይ ወይዘሮ አይናዲስ ዳማን ይዘው ወደ ዶክተር ይገዙ መጡ። ሳሉ ብሶበታል፤ ያለ ሽሮፕ የማይተነፍስበት ደረጃ ደርሷል። ሐኪሙ አዲስ ካርድ አወጣ። ዳማ፤ ቀይ ዳማ፤ ወንድ፤ የግራ ጆሮው ጫፍ የተበጣ።

«ባለቤት?» አለና ቀና ብሎ አመነታ። «ከፈለጉ እማማ፣ በጉግሳ ወይም በህይወት ስም ላድርገው። የእርስዎ ስም ባለፈው…»

«የእኔ ስም ባለፈው ምን ሆነ?» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ። «በሐሰት ስለተጻፈ በእውነት መጻፍ ሊፈራ ነው? የማጠጣው እኔ ነኝ፤ ማንኪያውን የምይዘው እኔ ነኝ። የሌዊስቪሉም የፕሌኖዋም ይዩት፤ መንግሥትም ይየው።»

አውራ ጣታቸውን ከጠረጴዛው የማኅተም ቀለም ላይ ጫን አድርገው ካርዱ ላይ አሳረፉት፤ እንደ አባታቸው፣ ለበሬ ሲመሰክሩ።

«ጻፈኝ» አሉ።